በተራ ወረቀት የመጣ መጥሪያ፦ የጄራልድ ጎልት ጉዳይ

ወረቀቱ ተራ ወረቀት ነበር፤ የፍርድ ቤት አርማ አልነበረበትም። «ወይዘሮ ጎልት፣ ዳኛ ማክጊ በጄራልድ ጥፋተኝነት ላይ ለሚደረገው ተጨማሪ ችሎት ሰኞ ጁን 15 ቀን 1964 ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቀጥረዋል» ይላል። ከሥሩ «ፍላግ» ተብሎ ተፈርሟል። አለቀ። ልጁ ምን አደረገ ተባለ? የትኛውን ሕግ ጣሰ? ከሳሹ ማን ነው? ቢፈረድበትስ ምን ይጠብቀዋል? ወረቀቱ አንዱንም አይነግርም። ጄራልድ ጎልት ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀን ዳኛው 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት የወጣቶች ማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲቆይ ወሰኑበት።

(ቀኖቹ፣ የኢትዮጵያ ሕጎች የወጡበት ዓመት ሲጠቀስ ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።)

ነገሩ የተነሣው በስልክ ነው። ጁን 8 ቀን 1964 ጠዋት በአሪዞና ግዛት በጊላ አውራጃ አንዲት ጎረቤት፣ ሁለት ልጆች ስልክ ደውለው ብልግና ተናገሩኝ ብለው አመለከቱ። ንግግሩ እዚህ የሚደገም አይደለም፤ በኋላ ጉዳዩን ያዩት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች እንኳ ጸያፍና ከጎረምሳ አፍ የማይታጣ ዓይነት ነበር ብለው አልፈውታል። 4 ሰዓት ገደማ ጄራልድና አንድ ጓደኛው ተያዙ። እናትና አባቱ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ። ልጁ መወሰዱን የሚገልጽ ማስታወሻ በቤቱ አልተተወም፤ ለወላጆቹ ያሳወቀም የለም። እናቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ሲመለሱ ልጃቸው ቤት የለም። ታላቅ ወንድሙን ፈልግ ብለው ወደ ጓደኛው ቤት ላኩት፤ የተያዘውም ያኔ ተሰማ።

እናቱና ወንድሙ ወደ ልጆች ማቆያው ሄዱ። እዚያ ያገኟቸው ፍላግ የተባሉትን የክትትል ሠራተኛ፣ ጥፋተኛ የተባሉ ልጆችን ለፍርድ ቤቱ የሚከታተሉትን ሰው ነው። ሰውየው ልጁ ለምን እንደተያዘ ነገሯቸው፤ ነገ ከቀኑ 9 ሰዓት ችሎት አለ አሏቸው። እኚህን ሰው ልብ ይሏል። የልጆች ማቆያው ኃላፊ እሳቸው ናቸው። በማግሥቱ አቤቱታውን ለፍርድ ቤት የጻፉት እሳቸው ናቸው። በችሎት ስለ ልጁ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ያችን ተራ ወረቀት የላኩትም እሳቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን የልጁን ጥቅም ይጠብቃል ተብሎ በሕግ የሚታሰበውም ያው የክትትል ሠራተኛው ነበር። በአገራችን አነጋገር ጠባቂም፣ ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዘመድም በአንድ ወንበር ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ጁን 9 የቀረበው አቤቱታም ከወረቀቱ አይሻልም። ልጁ ከ18 ዓመት በታች እንደሆነ፣ የፍርድ ቤቱ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው፣ ጥፋተኛ ልጅ እንደሆነ ይናገራል። ፍሬ ነገር አንድም የለበትም። ለቤተሰቡ አልደረሳቸውም፤ ያዩትም ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ችሎት በዳኛው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተካሄደ። ጄራልድ፣ እናቱ፣ ወንድሙና ሁለት የክትትል ሠራተኞች ተገኙ። አባቱ ከከተማ ውጭ ሥራ ላይ ነበሩ። ከሳሿ አልመጡም። ቃለ መሐላ የፈጸመ የለም፤ የተባለውን የጻፈም የለም። በዚህ ምክንያት በዚያ ክፍል ልጁ ምን ብሎ እንደነበር ዛሬም የምናውቀው ከተገኙት ሰዎች ትዝታ ብቻ ነው፤ ትዝታቸው ደግሞ አይገጥምም። እናቱ፣ ልጄ ቁጥሩን ብቻ መትቶ ስልኩን ለጓደኛው ሰጠሁ ነው ያለው አሉ። ፍላግ፣ ብልግናውን መናገሩን አምኗል አሉ። ዳኛው ደግሞ ከተባሉት ነገሮች አንዱን አምኗል አሉ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቃል። መዝገብ ቢኖር ኖሮ ይህ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ዳኛው አስብበታለሁ ብለው ተነሡ። ልጁ ወደ ማቆያው ተመለሰ፤ ከቀናት በኋላ ተለቆ ቤቱ ደረሰ። ለምን እንደቆየ፣ ለምን እንደተለቀቀ የነገራቸው የለም። በዚያው ቀን ያቺ ወረቀት መጣች።

ጁን 15 አባትየውም ተገኙ። ወይዘሮ ጎልት አንድ ነገር ጠየቁ፦ ከሳሿ ትምጣና የብልግናውን ቃል የተናገረው የትኛው ልጅ እንደሆነ ትለይ። ዳኛው በዚህ ችሎት መገኘት አያስፈልጋትም አሉ። እሳቸው ራሳቸው ሴትየዋን አንድም ቀን አላነጋገሯትም። ፍላግም ያነጋገሯት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በስልክ። በስልክ ተበደልኩ ያለች ሴት፣ በስልክ ቃሏ ተሰምቶ፣ አንድ ልጅ ለ6 ዓመት ከቤቱ እንዲወጣ ተፈረደ።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ጄራልድ መልአክ አልነበረም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ከአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ የገንዘብ መያዣ ከሰረቀ ልጅ ጋር አብሮ ተገኝቶ ለ6 ወር በክትትል ሥር ነበር። ከዚያ በፊትም የሌላ ልጅ የቤዝቦል ጓንት ወሰደ የሚል ጥቆማ ቀርቦበት ነበር፤ በቂ መሠረት ስለሌለው ችሎት ሳይታይ ቀረ። የቀልድ ስልኮች መደወሉንም ቀደም ሲል ተናግሯል ተባለ። ሕፃን ነውና ምንም አያውቅም እያልኩ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ ሴትን በስልክ ማሸማቀቅ ጥፋት መሆኑን ያውቃል፤ ሊጠየቅበትም ይገባል። ጥያቄው መጠየቁ ላይ ሳይሆን አጠያየቁ ላይ ነው።

ያንኑ ብልግና የተናገረው የ18 ዓመት ጎልማሳ ቢሆን፣ በአሪዞና ሕግ ቅጣቱ ከ5 እስከ 50 ዶላር ወይም ከሁለት ወር ያልበለጠ እስር ነበር። ጠበቃም ይኖረዋል፣ ክሱም በጽሑፍ ይደርሰዋል፣ ከሳሹንም ፊት ለፊት ይጠይቃል። ልጁ ግን ልጅ በመሆኑ ይህ ሁሉ ቀረበት፤ በምትኩ 6 ዓመት ተሰጠው።

ይህን ያህል ነገር እንዴት ተፈቀደ? የክፉ ሰዎች ሥራ ቢሆን ማስረዳቱ ይቀል ነበር። የልጆች ፍርድ ቤት አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተቋቋመው በ1899 በኢሊኖይ ግዛት ነው። ያቋቋሙት ሰዎች ልጆች ከጎልማሳ ወንጀለኞች ጋር መታጎራቸው፣ እንደ ጎልማሳም መቀጣታቸው ያንገበገባቸው ነበሩ። ሐሳባቸው መንግሥት ለልጁ አባት ይሁን የሚል ነበር። አባት ልጁን አይከሰውም፤ ያርመዋል። ክስ ከሌለ ደግሞ ጠበቃ ለምን? መስቀለኛ ጥያቄስ ለምን? ዳኛው በአባትነት ልጁን ጠርቶ ያነጋግረዋል፣ ይመክረዋል፣ የሚበጀውን ይወስንለታል። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው አባባላችን ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ችግሩ መከራው የሚጀምረው ምክሩ ሳይሰማ ሲሆን ነው።

አሪዞና በልጆች ጉዳይ ይግባኝ አልፈቀደችም ነበር። ስለዚህ ወላጆቹ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ (ልጁ የተያዘው በሕግ መሆኑ ይመርመር የሚል) አቀረቡ፤ ጠበቃቸው አሚሊያ ሉዊስ ነበሩ። አቤቱታው በኦገስት 1964 ሲሰማ ዳኛ ማክጊ ራሳቸው ምስክር ሆነው ቀረቡና ልጁን በየትኛው ሕግ እንደፈረዱበት ተጠየቁ። መልሳቸው በመዝገቡ ላይ አለ። በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ ሰላም ማወክ የሚሆን ይመስለኛል፤ አንቀጹን ልነግራችሁ አልችልም፣ ሕጉን ግን ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አንድ ሰው በሌላው ፊት ብልግና ሲናገር ነው፤ በስልክም ሲሆን በፊቱ እንደተነገረ እቆጥረዋለሁ፤ ልሳሳት እችላለሁ። ሁለተኛው ምክንያታቸው ልጁ ሥነ ምግባር በጎደለው ነገር ያዘወትራል የሚል ነበር፤ ለማዘውተሩ ማስረጃ ያሉትም ያቺው የጓንት ጥቆማና የቀልድ ስልኮቹ ናቸው።

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሰውየው የዋሹ አይመስለኝም። ልጁን ለማረም የፈለጉ፣ አንቀጹ እምብዛም ያላስጨነቃቸው ሰው ናቸው። ያን ችሎት አስፈሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ክፉ ዳኛ ቢያንስ አንቀጽ ይፈልጋል።

የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 ውሳኔውን አጸና፤ የልጁን ጥቅም ወላጁና የክትትል ሠራተኛው ሊጠብቁት ይችላሉ አለ። ጉዳዩ ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖርማን ዶርሰን የተባሉት የሕግ መምህር በዲሴምበር 1966 ለቤተሰቡ ተከራከሩ፤ ሜይ 15 ቀን 1967 ፍርዱ ተሰጠ። የብዙኃኑን ዳኞች ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኤብ ፎርታስ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ችሎት ፊት ቆመው፣ ገንዘብ የሌለው ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቁምለት ብለው ተከራክረው የረቱ ጠበቃ ነበሩ፤ ጉዳዩ በእጃቸው መግባቱ ለጄራልድ እድል ሆነለት።

ፎርታስ በመጀመሪያ ስሞቹን ገፈፏቸው። «የልጆች ማቆያ» ሆነ «የሙያ ትምህርት ቤት»፣ ልጁ የሚዘጋበት ቦታ ነው፤ በእናቱና በአባቱ፣ በእኅት ወንድሞቹ፣ በጓደኞቹ ፈንታ ዓለሙ ጠባቂዎችና ጥፋተኛ የተባሉ ሌሎች ልጆች ይሆናሉ። ስሙ ቢለሰልስም በሩ ያው በር ነው። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይጠቀሳል፦ በሕገ መንግሥታችን ልጅ መሆን የይስሙላ ችሎት አያስፈቅድም።

አንድ ልጅ ነጻነቱን ሊያጣ በሚችልበት ችሎት አራት ነገሮች የግድ ናቸው ተባለ። ምን እንደተከሰሰ ዝርዝሩ በጽሑፍ ለእሱና ለወላጆቹ ለመዘጋጀት በሚበቃ ጊዜ አስቀድሞ ይድረሳቸው። ጠበቃ የማቆም መብት እንዳላቸው ይነገራቸው፤ አቅም ከሌላቸው ፍርድ ቤቱ ያቁምላቸው። ከሳሾቹና ምስክሮቹ ምለው ይመስክሩ፣ መስቀለኛ ጥያቄም ይጠየቁ። ልጁ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድ። የችሎት መዝገብና ይግባኝስ? ፍርድ ቤቱ በእነዚህ ላይ ሳይወስን አለፈ፤ እኔን ያሳዝነኛል፤ ጉዳዩን ያን ያህል ያደናገረው የመዝገብ አለመኖር ነበርና።

አራተኛው መብት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኛን የሚነካው እሱ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንላለን። ልጅ ስለ ራሱ ሲከራከር ቃሉ አይበቃንም። ጥፋቱን ሲያምን ግን ያው ቃል ለፍርድ ይበቃናል። ፎርታስ ይህንን ተቃርኖ አይተውታል፦ ልጅ የሚያምነው ጎልማሳውን ፈርቶ፣ ወይም ደስ ሊያሰኘው፣ ወይም ቶሎ ቤቱ መሄድ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። በአባትነት ቃል ተለማምጦ አምኖ ቅጣቱ ሲከተልበት ደግሞ ተታለልኩ ይላል፤ እውነቱንም ነው።

እኛ ጥፋትን ማመንን የምናውቀው ከሽምግልና ነው። አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ አጠፋሁ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይገሥጹታል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ነገሩ በዚያ ይዘጋል። ማመን የእርቅ በር ነው። ስለዚህ ፖሊስ ልጁን የያዘበት ኢትዮጵያዊ አባት፣ ዋሽንግተንም ይሁን ዴንቨር፣ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «እውነቱን ተናገር፤ አጥፍተህ ከሆነ እመንና ይቅርታ ጠይቅ» የሚል ምክር ነው። በጎ ምክር ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። በሽምግልና ነገርን የሚዘጋው ቃል በፍርድ ቤት ነገርን ይከፍታል። ጠበቃ እስኪመጣ ዝም በል ማለት ልጅን ውሸት ማስተማር አይደለም። ከጎልት ፍርድ በኋላ የአሜሪካ ልጆች በችሎት ይህ መብት አላቸው። በ2011 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሰሜን ካሮላይና በትምህርት ቤቱ ውስጥ በፖሊስ የተጠየቀን የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ አይቶ፣ አንድ ልጅ በፖሊስ እጅ መሆን አለመሆኑ ሲመዘን ዕድሜው ከግምት ይግባ አለ፤ ጎልማሳ ተነሥቶ ከሚወጣበት ክፍል ልጅ ሊወጣ አይደፍርምና።

በፍርዱ ሁሉም አልተስማሙም። ዳኛ ጆን ሃርላን የተስማሙት በከፊል ነው፤ ዳኛ ፖተር ስቱዋርት በልዩነት ጻፉ። የስቱዋርትን ክርክር አቃልሎ ማለፍ አይገባም። የልጆች ችሎት የወንጀል ችሎት አይደለም፣ የወንጀል ችሎትን ሥርዓት ሁሉ ብንጭንበት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንመለሳለን አሉ። በዚያ ዘመን በኒው ጀርዚ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በግድያ ተከሶ፣ በጁሪ (ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች) ፊት ሙሉ ሥርዓቱ ተጠብቆለት፣ ጥፋተኛ ተብሎ መሰቀሉን ካስታወሱ በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ሕገ መንግሥቱን የተከተለ ነበር ሲሉ በምሬት ይዘጋሉ። እውነት አለው። ሥርዓት ብቻውን ርኅራኄ አይሆንም። ዳሩ ግን ለጄራልድ ርኅራኄውም አልደረሰውም። ያው ፍርድ ቤት በ1966 በሌላ የልጅ ጉዳይ እንደተናገረው፣ ልጁ የጎልማሶችን ጥበቃም፣ ለልጆች ቃል የተገባውን እንክብካቤም ሳያገኝ ከሁለት ያጣ እንዳይሆን ያሰጋል።

በኋላ መንገዱ ወደፊትም ወደ ጎንም ሄደ። በ1970 የልጅ ጥፋት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት ተባለ፤ ያ ጉዳይ ከአንድ መቆለፊያ ሳጥን 112 ዶላር ወሰደ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር። በ1971 ግን ለልጆች ጁሪ የግድ አይደለም ተባለ።

ወደ አገራችን ሕግ ስመጣ የሚገርመኝ የዘመን መቀራረቡ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ጄራልድ ከመያዙ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ። ከአንቀጽ 171 ጀምሮ ስለ ወጣት አጥፊዎች ይደነግጋል። የተያዘ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰዳል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ተጠርቶ በችሎቱ ይገኛል። ጉዳዩ እስኪያልቅ ልጁ ለወላጁ ይሰጣል። በዚህስ ለጊላ አውራጃ ትምህርት በሆነ ነበር።

ነገር ግን ያው ሕግ ችሎቱ በዳኛው ጽሕፈት ቤት፣ መደበኛውን ሥርዓት ሳይከተል ይካሄድ ይላል። ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ካልሆነ መደበኛ ክስ አይዘጋጅም። ጠበቃም የሚቆመው ወይ ነገሩ እንዲህ ሲከብድ ነው፣ ወይ ልጁን ወክሎ የሚቀርብ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲታጣ ነው። በዚህ ሚዛን ጄራልድ ጠበቃ አያገኝም ነበር፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጠዋልና። እናት መኖሯ ጠበቃ ያስቀራል። ወይዘሮ ጎልት የትኛው ልጅ ተናገረ ብለው መጠየቅ ችለዋል፤ አያስፈልግም ሲባሉ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚባል አላወቁም። ያን የሚያውቀው ጠበቃ ነው።

ልዩ ሥርዓቱ የሚመለከተው ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ በወንጀል አይጠየቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ የዕድሜ ክፍፍል ይዞ ቀጥሏል፤ ለመካከለኞቹ ከወቀሳና ተግሣጽ ጀምሮ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየትን የመሰሉ እርምጃዎችን ዘርዝሯል። ብልግና በስልክ ለተናገረ ጎረምሳ ይህ የመጨረሻው፣ በእኔ ግምት፣ ከ6 ዓመት ማረሚያ ይልቅ ይበጅ ነበር። 15 ዓመት ያለፈው ግን 18 እስኪሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ የሞት ፍርድም አይፈረድበትም። እንግዲህ የ16 ዓመቱ ልጅ መደበኛ ክስ በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ የ14 ዓመቱ በአብዛኛው አይደርሰውም። ታናሹ በርኅራኄ ስም ከታላቁ ያነሰ ያውቃል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዙና የተከሰሱ ሰዎችን መብት ሲዘረዝር ዕድሜ አልለየም፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ በማረሚያ ያሉ ልጆች ከጎልማሶች ተለይተው ይያዙ ይላል። የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 40 የጎልትን አራት መብቶች ከሞላ ጎደል ይደግማቸዋል፦ ክሱን ወዲያው ማወቅ፣ የሕግ እርዳታ፣ ምስክር መጠየቅ፣ ጥፋትን እንዲያምን አለመገደድ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1991 ተቀብላለች። መብቶቹን በአንድ ልጅ ስም ለዓለም ያሰማችው አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም።

የዋሽንግተኑ ፍርድ የአሪዞናውን ውሳኔ ሻረ። ሥርዓቱ ተፈተሸ፣ ዳኛው ተተቹ፣ የክትትል ሠራተኛው ድርብርብ ሥራ ተነቀሰ። ወይዘሮ ጎልት በጁን 15 ቀን 1964 የጠየቁት ጥያቄ ግን በፍርዱ ውስጥም መልስ የለውም። ሊኖረውም አይችልም፤ ከሳሿ አልተጠሩም፣ የተናገረ አልማለም፣ የጻፈ አልነበረም። ስልኩ ሲያወራ መነጋገሪያው በየትኛው ልጅ እጅ እንደነበር መዝገቡ አይናገርም።